የዋንዛው ጠረጴዛ ስለ ምን ተሰነጠቀ?

ጥያቄ፦ «ክቡር ሆይ፤ ከአጎቴ የተማርኩትን የእንጨት ሥራ ይዤ በግቢያችን ጥግ ጠረጴዛና ወንበር እሠራለሁ። ገዢ አላጣሁም፤ ነገር ግን በክረምት የሸጥኩት የዋንዛ ጠረጴዛ በጥር ተሰነጠቀ፤ ገንዘቡም ሳላውቀው ያልቃል። ሙያዬ መተዳደሪያ እንዲሆነኝ ምን ላድርግ?»
ወጣት አናጢ፣ ከነቀምት

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት በሚገኝበት ከተማ ጥበበ እድ እንግዳ አይደለም፤ ጻድቁ ዮሴፍም ጸራቢ ነበረ። ጠረጴዛዎ የተሰነጠቀው፣ በወለጋ ክረምት እርጥበት የጠገበው ጣውላ ሳይደርቅ በመገጣጠሙ፣ በበጋ ሲኮማተርም ምስማሩና ኮላው ጨብጠው ስለ ያዙት ነው። ስለዚህ ጣውላውን ከመሬት ከፍ አድርገው፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት ጣልቃ እያስገቡ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ለወራት ያቆዩት፤ አንዱን ጣውላ በየሳምንቱ ሲመዝኑት ክብደቱ መቀነሱን ካቆመ ለሥራ ደርሷል።

ዋጋ ሲተምኑ ደግሞ ከእንጨቱ ሌላ ኮላውን፣ ቫርኒሹን፣ መብራቱን፣ የመሣሪያውን እርጅናና የራስዎን ድካም ይደምሩ፤ ለምሳሌ ዕቃው 3,000 ብር ፈጅቶ፣ የቀን ድካምዎን በ500 ብር ቢገምቱና 4 ቀን ቢሠሩ፣ ከ5,000 ብር በታች መሸጥ ኪሣራ ነው። ትእዛዝ ሲቀበሉም ቀብድ ይያዙ።

ዋንዛን ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነውና፣ ከሻጩ የሕጋዊነት ማስረጃ ይጠይቁ። ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የከተማውን ንግድና ገቢዎች ጽሕፈት ቤቶች ያነጋግሩ፤ ብድር ከመፈረምዎ በፊትም መዝገብዎን ለሒሳብ ዐዋቂ ያሳዩ። እስከዚያው ግን ከዛሬ ጀምሮ ወጪና ገቢዎን በአንድ ደብተር ይጻፉ።