እባብ ቆዳውን ሲቀይር የት ይደበቃል?

የዛሬው የሳይንስ አምዳችን ስለ እባብ ነው። «ደግሞ ስለ እባብ!» እንዳትሉኝ። ሰሞኑን አንድ የክፍላችን ልጅ ከካብ ውስጥ ያገኘውን የእባብ ቆዳ በእንጨት አንጠልጥሎ ሲመጣ ግማሹ ክፍል ሮጠ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ማለት ይሄ ነው። የቀሩት ደግሞ «እባቡ ሞቷል» አሉ። አልሞተም፤ ቆዳውን ቀይሮ ሄዷል እንጂ።

ለምን ይቀይራል? የእባብ የላይኛው ቆዳ እንደ ጥፍራችን ከኬራቲን የተሠራ ነው። እባቡ ሲያድግ ይህ ቆዳ አብሮት አያድግም። ስለዚህ እኛ የጠበበንን ዩኒፎርም እንደምንቀይር እሱም ይቀይረዋል። ትንንሾቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚያድጉ ከትልልቆቹ የበለጠ ይቀይራሉ።

እንዴት ይቀይራል? መጀመሪያ መልኩ ይደበዝዛል። በአሮጌውና በአዲሱ ቆዳ መካከል ፈሳሽ ስለሚገባ ዓይኑ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍነው እንደ መስታወት የጠራ ቅርፊት ነው፤ እሱም አብሮ ይወልቃል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዓይኑ ይጠራል። ከዚያ አፍንጫውን ከሻካራ ድንጋይ ጋር ያሽና ቆዳው ከአፉ ጀምሮ፣ ካልሲ ገልብጠን እንደምናወልቀው፣ ይወልቃል። ሁሉም ነገር ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈጃል።

አሁን ዋናው ነገር፦ ይህ ሥራ እርጥበት ይፈልጋል። አየሩ ከደረቀ ቆዳው ይቆራረጥና ዓይኑ ላይ ወይም ጅራቱ ጫፍ ላይ ይቀራል። ጅራቱ ላይ የቀረው እንደ ክር ጠብቆ ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል። በውጭ አገር እባብ በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ መግቢያ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ሣጥን ያዘጋጁለታል። ውስጧ እርጥብ ሳረንስት ወይም ውኃ ነክሮ የተጨመቀ ሶፍት ያደርጋሉ። እርጥብ ይሁን እንጂ ውኃ አይቋጥርም፤ እንዳይሻግትም ይቀይሩታል። እባቡ ራሱ ገብቶ ይተኛበታል። ቆዳውን በእጅ መላጥ ግን ክልክል ነው፤ አዲሱን ቆዳ ያቆስላል።

የእኛ አገር እባብ ሣጥን የሚያዘጋጅለት የለም፤ ራሱ ይፈልጋል። ጀውሃ ደግሞ ቆላ ነው። በበጋ መሬቱ ሲደርቅ እርጥበትና ጨለማ የት ይገኛል? በመስኖ ቦይ ዳር ባለ ካብ፣ በማሽላ አገዳ ክምር ሥር፣ በጓሮ ከእንስራና ከጀሪካን ማስቀመጫ ሥር። እነዚህ ሁሉ እኛ እጃችንን የምንሰድባቸው ቦታዎች ናቸው! «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» የሚሉት አባቶቻችን ቦታውን ያውቁታል ማለት ነው።

«ዓይኑ ካላየ አይነድፍም» የሚሉ አሉ፤ ልክ አይደለም። በደንብ ስለማያይ ይደነግጣል፤ የደነገጠ እባብ ደግሞ ቶሎ ይነድፋል። ስለዚህ፦

1. አገዳ ስናነሳ መጀመሪያ በረጅም እንጨት እንነካካ፤ ካብ ውስጥ እጅ አንስደድ።
2. ማታ ውኃ ለመቅዳት ስንወጣ ባትሪ እንያዝ፣ ጫማ እናድርግ።
3. ደብዛዛ እባብ ተጠቅልሎ ካየን ራቅ ብለን ትልቅ ሰው እንጥራ። በድንጋይ ልግደለው ብሎ የሚጠጋ ራሱን ለመነደፍ ያቀርባል። ደግሞም እባብ ማሽላችንን የሚጨርሱትን አይጦች ይበላል።
4. የተጣለ ቆዳ መርዝ የለውም፤ የነካ ግን እጁን በሳሙና ይታጠብ።
5. ሰው ከተነደፈ ሳይንቀሳቀስ ተሸክሞ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ቀለበትና አምባር ይውለቅ። መብጣት፣ መምጠጥና በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ይጎዳል።

በመጨረሻ ጥያቄ ልተውላችሁ፦ እባብ የሚተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ነው ወይስ ገልጦ? መልሱ እዚሁ ጽሑፍ ውስጥ አለ፤ ፈልጋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን አምጡ።