ያረጀ የሰልባትዮ ሽፋንን ስለ ማስወገድና ስለ መተካት

ለልማት ሥራ በየወረዳው የሚመላለሱት ሞተር ብስክሌቶቻችን፣ በተለይም ያማሃ ዲቲና ያማሃ ኤጂ የሚባሉት፣ ዕድሜያቸው ገፍቷል። የነዳጅ መያዣቸው፣ በጋራዥ ቋንቋ ሰልባትዮው፣ ከብረት የተሠራ በመሆኑ ከውስጥ ይዝጋል። ዝገቱን ለማቆም ወይም የተበሳውን ለመድፈን ሲባል በአንዳንዶቹ ውስጥ ፈሳሽ ሽፋን ፈሶ እንዲደርቅ ተደርጓል። ሽፋኑ ሲያረጅ ምን መደረግ እንዳለበት ግን ለሰበካ ጉባኤያት እምብዛም አልተነገረም። መላጥ የጀመረ ሽፋን ከዝገቱ የባሰ ጠንቅ ነው፤ በላዩ ላይ ሌላ ሽፋን ማፍሰስም አያድነውም።

የመላጡ ዋና ምክንያት በነዳጁ ውስጥ ይገኛል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን 5 በመቶ ኤታኖል እንዲቀላቀል ተደርጎ፣ በ2003 ዓ.ም. መጠኑ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። ኤታኖሉ እንደ ፊንጫና መተሐራ ባሉ የስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ የሚወጣ አልኮል ነው። የውጭ ምንዛሪን ለማዳን የታሰበ በጎ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ አልኮል ለንጹሕ ቤንዚን ተብለው የተሠሩትን የቀድሞ ሽፋኖች ያለሰልሳል፤ ውኃንም ከአየር ይስባል። የሳበው ውኃ ሲበዛ ከአልኮሉ ጋር ከቤንዚኑ ተለይቶ ወደ ሰልባትዮው ወለል ይዘቅጣል፤ ሽፋኑ የተሰነጠቀበትን ብረትም ከሥር ያዝገዋል። ስለዚህ ድብልቁ ይኑር አይኑር ሳይጠየቅ፣ ማንኛውም ሽፋን አልኮልን መቋቋም አለበት ብሎ መነሣት ይሻላል።

መቆምም ያዝገዋል። ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ፈቃድ የሌላቸው ሞተር ብስክሌቶች በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀሱ በታገደ ጊዜ፣ በግማሽ ሰልባትዮ ቤንዚን ክረምቱን ቆሞ የከረመ ሞተር ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ባዶው ግማሽ በሌሊት ቅዝቃዜ ጤዛ ይይዛል።

ጉዳቱ የሚታየው በመንገድ ላይ ነው። የተላጠው ቅርፊት የነዳጅ መክፈቻውን ወንፊት ይሸፍነዋል። ሞተሩ በዝግታ ሲሄድ ደኅና ይመስላል፤ ጉልበት ሲጠየቅ ግን ነዳጅ ያጥረውና ይጠፋል። ይህ ከቦሌ፣ ከስታዲየምና ከመሿለኪያ የሚመጣው መኪና ሁሉ በሚገናኝበት በመስቀል አደባባይ መካከል፣ ከኋላ አውቶቡስ እየተከተለ ቢሆን ምን እንደሚደርስ አስቡት። ጥቂት ከቆመ በኋላ ቅርፊቱ ከወንፊቱ ላይ ስለሚነሣ ሞተሩ ይነሣል፤ ስለዚህም መካኒኩ የኤሌክትሪክ ችግር መስሎት ካንዴላ ይለውጣል። ሦስት ጊዜ ካንዴላ የተገዛለት ሞተር በሒሳብ መዝገባችሁ ላይ ካለ፣ ሰልባትዮውን አስከፍቶ ማየት ተገቢ ነው። ከዚህ የከፋም አለ፦ ጥቃቅኑ ቅርፊት ወደ ካርቡራቶር ገብቶ የነዳጁን መዝጊያ ክፍት ካስቀረው፣ ቤንዚኑ ሞልቶ በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል።

ሥራው የት ይሠራ የሚለው ውሳኔ የኮሚቴው ነው፤ በእኔ አስተያየት ከመካኒኩ ምርጫ ይቀድማል። ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ተን ነውና። ተኑ ከአየር 1.4 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን እንኳ እሳት መያዝ ይጀምራል፤ ከአየር ስለሚከብድም በምድር ላይ እየተሳበ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይሄዳል። ጧፍ የሚበራበት፣ ለማዕጠንት ፍም የሚዘጋጅበት፣ በቤተ ልሔምም እሳት የሚነድበት የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ለዚህ ሥራ ቦታ አይደለም። ዕቃ ቤትም አይሆንም። ነፋስ የሚያገኘው፣ ሕፃናት የማይደርሱበት ገላጣ ስፍራ ይፈለግ። ሰልባትዮው ከሞተሩ ወርዶ ቤንዚኑ በብረት ዕቃ ይገልበጥ፤ ከዚያም በሳሙናና በውኃ ደጋግሞ ይታጠብ። ውስጡን ለማየት ክብሪትም ሆነ ላይተር የሚያበራ ሰው በአጠገቡ አይቁም።

ቀጥሎ የሽፋኑን ዓይነት መለየት ነው። ከተላጠው ቁራጭ ወስዶ በጠርሙስ አሴቶን ውስጥ ማሳደር በቂ ፈተና ነው። ቁራጩ እንደ ንፍጥ ከለሰለሰ አሴቶን ይበቃል፤ እንዳለ ካደረ ግን ጠንካራ ኤፖክሲ ሳይሆን አይቀርም። አሴቶን የሚበቃ ከሆነ ክዳኑና የነዳጅ መክፈቻው ተነሥተው ቀዳዳዎቹ ይደፈኑ፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር አሴቶን ተጨምሮ ሰልባትዮው በየሰዓቱ እየተገላበጠ አንድ ቀን ይቆይ። የውጭ ቀለሙን ስለሚያነሣው ጠብታው ወዲያው ይጠረግ። የላላውን ቅርፊት ለማራገፍ ካቴና ማስገባት የቆየ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ብረት ከብረት ሲጋጭ ብልጭታ ይወልዳልና አሴቶኑ ወጥቶ ሰልባትዮው ከታጠበ በኋላ፣ በሳሙና ውኃ ብቻ ይደረግ። ካቴና ከብትን ቡሎን የሚሻለው አንድ ሆኖ ገብቶ አንድ ሆኖ ስለሚወጣ ነው።

ለኤፖክሲው ጋራዦች ኃይለኛ የቀለም ማስለቀቂያ ያቀርባሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዳይክሎሮሜቴን የሚባል ኬሚካል አለባቸው። በ40 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ስለሚፈላ በፀሐይ የተተወ ዝግ ሰልባትዮን ያስጨንቃል፤ ተኑን የሳበ ሰው ደግሞ በሰውነቱ ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጥበታል። ከሰል ባልተቀጣጠለበት ክፍል የከሰል ጭስ እንደሚገድል ማለት ነው። በተዘጋ ክፍል ሲሠሩበት የሞቱ ሠራተኞች ስላሉ፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 በቀለም ማስለቀቂያነት ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ ከልክሏል። የጨርቅ የአፍ መሸፈኛ ከዚህ አይጠብቅም። ሽፋኑ በዚህ ካልሆነ አይለቅም ከተባለ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ደኅና ያገለገለ ሰልባትዮ ፈልጎ መግዛት የሰው ሕይወት ከማስያዝ ይረክሳል።

ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ዝገቱ ይቀራል። በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ከ50 እስከ 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ በጥብጦ ማሳደር፣ ወይም አቼቶ ሞልቶ አንድ ሁለት ቀን ማቆየት ያስለቅቀዋል። የባትሪ አሲድና ሌሎች ኃይለኛ አሲዶች ብረቱን ራሱን ይበላሉ። አሲድ በነካው ዕቃ በረኪና ማፍሰስ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያስነሣል፤ የጽዳት ሠራተኞቻችን ይህን ይወቁ። አሲዱ ሲወጣ በሶዳ ውኃ ይታጠብ፣ ይለቅለቅ፣ ሳይዘገይም በሞቀ አየር ይድረቅ፤ እርጥብ ሆኖ ካደረ በማግሥቱ ብርቱካንማ ሆኖ ይገኛልና።

እዚህ ላይ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፦ አዲስ ሽፋን ያስፈልጋልን? ብረቱ ካልተበሳ አያስፈልግም እላለሁ። ንጹሕ ብረት ስስ ዘይት ተቀብቶ ወዲያው ነዳጅ ከሞላና ዘወትር ሙሉ ሆኖ ከቆመ ዓመታት ይኖራል። ሽፋን የሚገባው ጥቃቅን ቀዳዳ ለበዛበት ብቻ ነው። ያን ጊዜም በሁለት ክፍል ተቀላቅሎ የሚደርቅ፣ ኤታኖልን እንደሚቋቋም በጣሳው ላይ የተጻፈበት ኤፖክሲ ይመረጥ። ለበር ቀለም የሚሆን የዝገት መከላከያ አፍስሰው ‘ተሸፍኗል’ የሚሉ አሉና ጣሳውን አሳዩን ማለት ነውር አይደለም። ኤፖክሲው በሁሉም ጎን ከተዳረሰ በኋላ ትርፉ ተንጠፍጥፎ ይውጣ፤ ወለሉ ላይ የረጋ ወፍራም ሽፋን መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እርሱ ነው። የክዳኑ የአየር መተንፈሻና የነዳጅ መክፈቻው ቀዳዳ እንዳይደፈኑ ይታይ። ጣሳው ያዘዘው የመድረቂያ ቀን ሳይሞላ ነዳጅ አይጨመርበት፤ ሥራ አስቸኩሎናል ብሎ በማግሥቱ መሙላት የወጣውን ገንዘብ ሁሉ ያጠፋል።

የተረፈው አሴቶንና የቅርፊቱ ዝቃጭ በቦይ አይፈስስም። ከፍልውሃ በታች የሚያልፈው ባንተይቅጡ ሸክሙ በዝቷል፤ በገጠር አጥቢያዎችም የጸበል ምንጭ ከቅጽሩ ሥር ነው። በክዳናም የብረት ዕቃ ተይዞ ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ።

ሞተሩ ተገጥሞ ሲመለስ፣ አሽከርካሪው የመጀመሪያውን 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ የነዳጅ መክፈቻውን ወንፊት አውልቆ በነጭ ጨርቅ ላይ ያራግፈው። አንዲት ቅርፊት እንኳ ብትገኝ ሽፋኑ በሙሉ አልወጣም ማለት ነውና ሰልባትዮው ወደ ሠራው መካኒክ ይመለስ፤ የክፍያው ቀሪ ግማሽም እስከዚያ ድረስ በገንዘብ ያዡ እጅ ይቆይ።