ሶሆ ውስጥ ሎፍት ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ ኒውዮርክ፣ ሶሆ ሰፈር፣ በኮኦፕ (በነዋሪዎች የጋራ ማኅበር በተያዘ) ሕንፃ ውስጥ ያለ ሎፍት ልገዛ አስቤአለሁ። ዋጋው በአካባቢው ካሉት አፓርታማዎች ይቀንሳል። ኋላ ልሸጠው ብፈልግ እቸገር ይሆን?

መልስ፦ ቅናሹ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ይወቁት። የሶሆ ሎፍቶች የቀድሞ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ናቸው። ከተማው በ1971 እ.ኤ.አ. እንዲኖሩባቸው የፈቀደው የምስክር ወረቀት ላላቸው አርቲስቶች ነበር። ብዙዎቹ ዛሬም በሰነድ ላይ ያሉት በዚሁ ደረጃ ነው። አርቲስት ያልሆነ ገዢ ሲመጣ ጠበቃው ያስጠነቅቀዋል፤ አንዳንድ ባንክም ለማበደር ያመነታል። ስለዚህ ዛሬ ያገኙትን ቅናሽ ነገ እርስዎም ለገዢዎ መስጠትዎ አይቀርም።

በታኅሣሥ 2021 የጸደቀው የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ሎፍቱን ወደ መደበኛ መኖሪያ ለማዛወር መንገድ ከፍቷል። ነገር ግን ለኪነ ጥበብ ፈንድ የሚከፈል፣ በካሬ ጫማ የሚሰላ ክፍያ ስላስከተለ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። አሁን ያለበትን ሁኔታ የንብረት ጠበቃ ያጣራልዎ።

ዋጋውን ሲመዝኑ በጠቅላላ ስፋቱ አይታለሉ። የሎፍት መስኮት ብዙ ጊዜ ከፊትና ከኋላ ብቻ ነው፤ መስኮት የሌለው የመሃል ክፍል በሕግ መኝታ ቤት ሊባል አይችልም። ማነጻጸሪያዎ ሻጩ የጠራው ዋጋ ሳይሆን በዚያው ሕንፃ በቅርቡ የተሸጡት ሎፍቶች ይሁኑ። የኮኦፑን ወርሃዊ መዋጮ፣ የማኅበሩን ዕዳና ሲሸጡ የሚያስከፍለውን የማስተላለፊያ ክፍያም በጽሑፍ ይጠይቁ። ለረጅም ዓመታት ሊኖሩበት ከሆነ ቅናሹ ይጠቅምዎታል፤ በቶሎ ሊሸጡት ካሰቡ ግን ሰነዱ የጸዳ ቤት ይፈልጉ።