የፕላኔቶች ዕይታና የልደት ገበታ ንባብ፦ ኬፕለር ለዋለንስታይን የሠራው ትንበያ ሲመረመር

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ በአውሮፓ የኮከብ ቆጠራ ትውፊት በልደት ገበታ ላይ የሚነበበው የፕላኔቶች ማዕዘናዊ ዝምድና የአንዱን ሰው ዕድል ከሌላው ለይቶ ለማመልከት ይችል እንደ ሆነ መመርመር ነው። ለምርመራው የተመረጠው ማስረጃ ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1608 ለአልብሬኽት ፎን ዋለንስታይን ያዘጋጀው የልደት ገበታ ነው። ገበታውን ያነበበው የፕላኔቶችን የምሕዋር ሕግ ያገኘው ሊቅ ሲሆን፣ ባለ ገበታው ደግሞ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር አዛዥ የሆነና በትንበያው ዳርቻ ላይ በእጁ ማስታወሻ የጻፈ ሰው ነው። ትንበያና ውጤት በአንድ ሰነድ ላይ ተጽፈው የሚገኙበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም።

በኢትዮጵያ «ኮከብ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የዐውደ ነገሥት ስሌት ነው። በዚያ ስሌት የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተተምነው ይደመሩና ለ12 ይካፈላሉ፤ ቀሪው ኮከቡን ያመለክታል። የተወለደበት ሰዓትም ሆነ በዚያን ጊዜ የነበረው የሰማይ ሁኔታ በስሌቱ አይገባም። የልደት ገበታ ግን ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች በልደቱ ቅጽበት የነበሩበትን ስፍራ በ360 ዲግሪ ክብ ላይ ያሰፍራል። ማናቸውም ሁለቱ በመካከላቸው የሚፈጥሩት የታወቀ ማዕዘን «ዕይታ» ይባላል፤ ስያሜው ፕላኔቶች እርስ በርሳቸው ይተያያሉ ከሚለው የጥንት አነጋገር የመጣ ነው።

በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቀላውዴዎስ በጥሊሞስ አራት ዕይታዎችን ዘርዝሯል፤ እነርሱም የ180፣ የ120፣ የ90 እና የ60 ዲግሪ ናቸው። የ120 እና የ60 ዕይታዎች የሚስማሙት አንድ ዓይነት ጾታ ያላቸውን የዞዲያክ ክፍሎች ስለሚያገናኙ ነው፣ የ90 እና የ180 ዕይታዎች የሚጋጩትም ተቃራኒ ጾታ ያላቸውን ስለሚያገናኙ ነው ይላል። ይህ ምክንያት ለ90ው ይሠራል። ለ180ው ግን አይሠራም፤ በራሱ በበጥሊሞስ አከፋፈል ፊት ለፊት የሚተያዩት ሐመልና ሚዛን ሁለቱም ወንድ ናቸውና። ፍርዱ ከምክንያቱ የቀደመ ይመስላል።

ኬፕለር ይህን ድክመት ከብዙዎች ይልቅ ያውቅ ነበር። የዞዲያክን 12 ክፍሎችና የገበታውን 12 «ቤቶች» ሰዎች በፈቃዳቸው ያሠመሩአቸው ናቸው ብሎ ነቅፏል። ዕይታዎችን ግን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1619 ባሳተመው «የዓለም ስምምነት» በተባለው መጽሐፉ እንዳብራራው፣ ጆሮ የዜማን ስምምነት እንደሚለይ ነፍስም የማዕዘናትን ስምምነት ትለያለች፤ ስለዚህ የ72፣ የ135 እና የ144 ዲግሪ ዕይታዎችን በጥንቶቹ ላይ ጨመረ። አሳቡንም ለብዙ ዓመታት ከመዘገበው የአየር ጠባይ ማስታወሻ ጋር ያስተያይ ነበር።

እንዲህ ያለው ሰው በ1583 የተወለደ የአንድ ስሙ ያልተገለጸ መኳንንት ገበታ ሲቀርብለት ትኩረቱን የሳበው በግዕዝ መጻሕፍት ዙሐልና መሽተሪ የሚባሉት የሳተርንና የጁፒተር ጥምረት ነበር። ሳተርን ወጣቱን ብቸኛ፣ ርኅራኄ የጎደለውና ምሥጢራዊ ጥበብ ፈላጊ እንደሚያደርገው፣ ጁፒተር ግን ይህን ጠባይ በዕድሜ ብስለት እንደሚያለዝበው ጻፈ።

የጥናቱ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሳተርንና ጁፒተር በየ20 ዓመቱ ገደማ ይገናኛሉ። እስከ 8 ዲግሪ ልዩነት ከተፈቀደ ጥምረታቸው በአማካይ ከ10 ወር በላይ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ከመሳፍንት ቤት እስከ ገበሬ ጎጆ የተወለደ ሕፃን ሁሉ ዕይታውን ይጋራል። በገበታው ላይ ጥምረቱን የዋለንስታይን የግል ምልክት ያደረገው በአንደኛው ቤት ውስጥ መገኘቱ ነው። ቤት ደግሞ ኬፕለር የሰው ሥራ ነው ብሎ የነቀፈው ነገር ነው። ዕይታው ብቻውን ሰውን ከሰው አይለይም፤ የሚለየውን ነገር ደግሞ አንባቢው ራሱ አያምንበትም።

ከሁለት በላይ አካላት የሚሠሩት ቅርጽ ይህን ችግር ይፈታል የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ለምሳሌ ሁለት ፕላኔቶች በ180 ዲግሪ ተቃርነው ሦስተኛው ከሁለቱም በ90 ዲግሪ ሲቆም የሚሠራው ቅርጽ፣ ዛሬ «ቲ-ስኩዌር» የሚባለው፣ የብርቱ ውስጣዊ ትግል ምልክት ተደርጎ ይነበባል። ብርቅ ከሆነ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። ብርቅ መሆን አለመሆኑ ግን በስሌት ይታወቃል። አካላቱ በዘፈቀደ ቢበተኑና ለእያንዳንዱ ማዕዘን የ8 ዲግሪ ልዩነት ቢፈቀድ፣ ሦስት አካላት ይህን ቅርጽ የመሥራት ዕድላቸው 0.0089 ገደማ ነው። ሜርኩሪና ቬነስ ከፀሐይ ስለማይርቁ፣ ከሦስቱ ማናቸውም ሁለቱ አንድ ላይ በቅርጹ ሊገቡ አይችሉም። በኬፕለር ዘመን በሚታወቁት 7 አካላት ይህ 22 የሦስትዮሽ ስብስቦችን ይተዋል፤ በአማካይ ለአንድ ገበታ 0.2፣ ማለትም ለአምስት ገበታ አንድ ቅርጽ። ዩራነስ በ1781፣ ኔፕቲዩን በ1846፣ ፕሉቶ በ1930 ሲገኙ ስብስቦቹ 98 ሆኑ፤ አማካዩም ወደ 0.87 ወጣ። የሰው ልጅ ውስጣዊ ትግል በቴሌስኮፕ ምክንያት ከአራት እጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ያስቸግራል።

ወደ ሰነዱ ሲመለስ፣ ኬፕለር ባለ ገበታው በ33ኛው ዓመቱ ባለጸጋ መበለት እንደሚያገባ ተንብዮ ነበር። ዋለንስታይን ያገባው በ1609 ነው፤ ሚስቱም በእርግጥ ባለጸጋ መበለት ነበረች። እርሱም በዳርቻው ላይ ሴቲቱ በትክክል እንደ ተገለጸች አስታወሰ። የ7 ዓመት ያህሉ ስሕተት ግን እምነቱን አላናጋውም፤ ትንበያዎቹ ቀድመው ወይም ዘግይተው ስለ ደረሱ ገበታው እንዲታረም ብቻ ጠየቀ። ኬፕለር በ1625 የልደቱን ሰዓት በጥቂት ደቂቃዎች አንቀሳቅሶ ስሌቱን አስተካከለ፤ በዚያውም ጽሑፍ ዝርዝር ጉዳይን ሁሉ ከሰማይ የሚጠብቅን ሰው ገሠጸ። ሰዓቱ ከታወቁት ክስተቶች ጋር እንዲገጥም ከተንቀሳቀሰ በኋላ እነዚያው ክስተቶች የገበታው ምስክር ሊሆኑ አይችሉም።

የታረመው ትንበያ የሚያበቃው በ1634 ማርች ሲሆን ለዚያ ወር በአገር ላይ አስፈሪ ሁከት ይጠብቃል። ዋለንስታይን በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1634 በኤገር ከተማ ተገደለ፤ የቀኑ መቀራረብም ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ በማስረጃነት ተጠቅሷል። ጦርነቱ ከ1618 ጀምሮ ይካሄድ ነበርና በእነዚያ ዓመታት ሁከት ያልነበረበት ወር ማግኘት ያስቸግራል። የአዛዡ መገደል ደግሞ በትንበያው ውስጥ አልተጻፈም።