የውጭ ወለድና የእድገት ስጋት፦ ከአማካዩ ባሻገር

በአሜሪካ የሚጨምር ወለድ፣ በሻሸመኔ አቅራቢያ በምትገኘው በኩየራ የሚኖረውን ድንች አምራች እንዴት ይነካዋል? መልሱን ለመረዳት ከአንድ ሰሐን ውሃ እንነሣ።

ውሃ ሳይፈላም ይተናል፤ ከአማካዩ እጅግ የፈጠኑ ጥቂት ሞለኪውሎች ከገጹ ያመልጣሉና። ውሃውን ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብናሞቀው፣ የሞለኪውሎቹ አማካይ ፍጥነት 3 በመቶ ያህል ብቻ ይጨምራል፤ የሙሌት እንፋሎቱ ግፊት ግን ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል። ለውጡ ጎልቶ የሚታየው በአማካዩ ሳይሆን በጠርዙ ላይ ነው።

የኢኮኖሚ እድገት ትንበያም እንዲሁ ነው። በውጭ ገበያ ገንዘብ ሲወደድ፣ የሚጠበቀው አማካይ እድገት ብዙም ላይቀንስ ይችላል፤ የክፉ ዓመት ዕድል ግን ይሰፋል።

ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2014 (እ.ኤ.አ.) ከዓለም ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር በ6.625 በመቶ ወለድ ለ10 ዓመት ተበደረች። ያኔ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ለዜሮ የቀረበ ነበር፤ በጁላይ 2023 ግን ከ5.25 እስከ 5.5 በመቶ ደረሰ። የቦንዱ ወለድ ቋሚ በመሆኑ አልተለወጠም፤ የተወደደው አዲስ ብድር ነው። ጦርነትና የውጭ ምንዛሪ እጥረት ተጨምረውበት፣ በዲሴምበር 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ።

ዶላር ሲጠፋ ከውጭ የሚገባው ማዳበሪያና ነዳጅ ይወደዳል። ዝናብ ያጠረበት ዓመት ከዚህ ጋር ከገጠመ፣ ክፉው ጠርዝ የኩየራ ማሳ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ስለዚህ ትንበያ ስናነብ አማካዩን ብቻ ሳይሆን ጠርዙንም እንጠይቅ።