መስኮትን ስለ ማንቀሳቀስና ስለ ማስፋት

በዚህ መጽሔት ስለ ቅኔና ስለ ታሪክ መጻፍ ለለመድን ለእኛ ስለ ኮምፒዩተር መስኮት መጻፍ ምን አግብቶን ነው የሚል ወንድም ወይም እኅት እንደማይታጣ እናውቃለን። ነገሩ ግን ከቋንቋችን ጋራ የተያያዘ ሆኖ ስላገኘነው ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

መነሻው ይህ ነው። የላስታ ተወላጅ የሆነ አንድ ባልንጀራችን ክረምቱን በላሊበላ ከወላጆቹ ዘንድ ሳለ፣ ለአንድ መሥሪያ ቤት የነፃ ትምህርት ማመልከቻ አቅርቦ ነበርና መልሱን ሊያይ ከኮምፒዩተር ፊት ተቀመጠ። በስክሪኑ መካከል አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ አለች። በውስጧም «ያቀረቡት ማመልከቻ ተቀባይነት» የሚል ተነበበ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የመስኮቲቱ ጠርዝ ነው። ጠርዙን በማውስ ይዞ ሊያሰፋት ቢሞክር አልሰፋ አለች። እርሱም በጎ በጎውን አስቦ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እናቱም ደስ ብሏቸው ቡና አፈሉ፣ ጎረቤት ጠሩ። ጽሑፉ በሙሉ «ያቀረቡት ማመልከቻ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል መሆኑን ያወቀው ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ለይግባኝ የተሰጠው ጊዜ አምስት ቀን ነበር።

ስለዚህ መስኮት በኮምፒዩተር ላይ በምን እንደሚቆምና በምን እንደሚንቀሳቀስ ለመማር ተነሣን። ከኮምፒዩተር ሳይንስ ክፍል ያሉ ጓደኞቻችንም ስንሳሳት እየሣቁ ረድተውናል።

ባልንጀራችን ያደገበት አገር ስለ መስኮት ብዙ የሚያሳይ ነው። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው እንጂ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ የተሠሩ አይደሉም። ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ሰው፣ ሥራው ከአለቱ ጫፍ ተጀምሮ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች እንደ ወረደ ያስተውላል። ከላይ በተሰለፉት መስኮቶች ብርሃን ይገባል፤ ቁጥራቸውም 12 ነው። ከታች ያሉት 9 ግን ክፈፋቸው ብቻ ተቀርጾ መካከላቸው ድፍን ነው። እንዲህ ያለውን መስኮት የሚጠርብ ሰው መስኮቱን ማስፋት ይችል ይሆናል፤ አንድ ጊዜ የሰፋውን ግን ማጥበብ አይችልም፤ ከቦታው አንሥቶ ወደ ቀኝ ማዛወርማ ጨርሶ አይታሰብም። ስለዚህ የመስኮቱን ልክ መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት ማወቅ ነበረበት።

የኮምፒዩተር መስኮት ድንጋይም ቀዳዳም አይደለም። አራት ቁጥር ነው፤ ይኸውም ከግራ ያለው ርቀት፣ ከላይ ያለው ርቀት፣ ስፋትና ቁመት። ስክሪኑ ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሞላ ነው፤ እኛ የሠራንበት ወደ ጐን 1366፣ ወደ ታች 768 ነጥብ አለው። ቁጥሩ የሚጀምረው ከግራው የላይ ማዕዘን ነው። በሒሳብ ክፍል ወደ ላይ ስንቈጥር የኖርን ሰዎች እዚህ ወደ ታች መቍጠር ግድ ሆነብን፤ ምክንያቱም በድሮው የቴሌቪዥን ቱቦ ውስጥ የኤሌክትሮን ጨረር ሥዕሉን ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር ይሥል ስለ ነበረ ያ ልማድ ቀረ። የቤተ ጊዮርጊስ ጠራቢዎች ግን ይህ አሠራር ባልከበዳቸው ነበር።

እንግዲህ መስኮታችን ከግራ 100፣ ከላይ 80፣ ስፋቱ 600፣ ቁመቱ 400 ይሁን። ማንቀሳቀስ ማለት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች መለወጥ ነው፤ ማስፋትና ማጥበብ ደግሞ የኋለኞቹን ሁለት። ይህን ሥራ ለመሥራት የተዘጋጀውን ትእዛዝ ፋንክሽን ይሉታል። በማይክሮሶፍት ዊንዶውስ «ሙቭ ዊንዶው» የሚባለው ፋንክሽን ስድስት ነገር ይቀበላል፤ የትኛው መስኮት እንደ ሆነ፣ አራቱን ቁጥሮች፣ ከዚያም ሥዕሉ እንደ ገና ይሣል ወይስ አይሣል የሚለውን። ስሙ ማንቀሳቀስን ብቻ ቢናገርም መጠኑንም የሚለውጠው እርሱ ነው።

በማውስ መጐተት ሲመጣ ግን ነገሩ ይጠጥራል። ማውሱን መስኮቱ ራስጌ ላይ፣ ከግራ 250 ከላይ 95 በሆነ ቦታ ተጫንን እንበል። ከመስኮቱ ማዕዘን እስከ ቀስቱ ያለው ርቀት 150 እና 15 ነው። ይህ ርቀት እስከ መጨረሻው መጠበቅ አለበት። ቀስቱ ወደ 400 እና 300 ሲሄድ፣ አዲሱ ግራ 400 ሲቀነስ 150፣ ማለት 250፤ አዲሱ ላይ 300 ሲቀነስ 15፣ ማለት 285 ይሆናል። እኛ መጀመሪያ ይህን መቀነስ ረስተን ነበርና ማውሱን ገና ስናንቀሳቅሰው መስኮቱ እንደ ፍየል ዘልሎ ማዕዘኑን ከቀስቱ ሥር አገባ።

ከዚህ የባሰው የግራው ጠርዝ ነው። የቀኙን ጠርዝ ስንጐትት ስፋቱን መለወጥ ይበቃል። የግራውን ጠርዝ ከ100 ወደ 160 ስንጐትት ግን የቀኙ ጠርዝ በ700 ላይ ጸንቶ መቆም ስላለበት፣ ግራው 160 ሲሆን ስፋቱም ወደ 540 መውረድ አለበት። ሁለቱን ለውጦች በሁለት ትእዛዝ ለየብቻ ብንሰጥ፣ በመካከሉ የቀኙ ጠርዝ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ኤክስ በሚባለው የመስኮት ሥርዓት ውስጥ ማንቀሳቀሻና መጠን መለወጫ ለየብቻ እያሉ፣ ሁለቱን ባንድ ጊዜ የሚፈጽም ሦስተኛ ፋንክሽን መኖሩ ለዚህም ይጠቅማል። ደግሞ ትንሹን ስፋት 200 ብለን ከወሰንን፣ ግራው ከ500 አልፎ እንዳይሄድ መከልከል ይገባል፤ አለዚያ ስፋቱ ሲቆም ግራው መሄዱን ይቀጥልና መስኮቱን ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ይህን ስሕተት ለማግኘት አንድ ሙሉ ማታ ፈጅቶብናል።

ይህ ኤክስ የሚባለው ሥርዓት በአሜሪካ በኤም.አይ.ቲ. እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረ ሲሆን፣ ከእርሱ አንድ ደንብ እጅግ ደስ አሰኘን። እዚያ ፕሮግራም መስኮቱን ለማንቀሳቀስ ይጠይቃል እንጂ በራሱ ሥልጣን አያንቀሳቅስም፤ የመስኮት አስተዳዳሪ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ጥያቄውን ሊፈቅድ፣ ሊያሻሽል ወይም ሊከለክል ይችላል። በላስታ ገበሬ የድንበር ድንጋይ ያለ ሽማግሌ እንደማይነቀል ማለት ነው። በኢንተርኔት ብራውዘር ውስጥ ይህ ጥንቃቄ ላልቶ በነበረበት ዘመን ማስታወቂያዎች መስኮትን በስክሪኑ ላይ ያሯሩጡት ነበር፤ በኋላ ብራውዘሮቹ ከለከሉት።

አሁን ወደ ባልንጀራችን እንመለስ። ያችን መስኮት የጻፈው ሰው ስፋቷንም ቁመቷንም በተወሰነ ቁጥር ቀርቅሮ፣ ተመልካቹ እንዳያሰፋት ከልክሎ ነበር። በስክሪን ላይ በነፃ የተሰጠውን መለዋወጥ ትቶ እንደ አለት አደረጋት፤ ነገር ግን እንደ ላሊበላ ጠራቢ አስቀድሞ አልለካም። እኛ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በራሳችን መስኮት ላይ ጽፈን ብንለካው ርዝመቱ 338 ነጥብ ሆነ። የመስኮታችንን የውስጥ ስፋት 270 ብናደርገው «አላገኘም» የሚለው ቃል ወደ ሁለተኛው መስመር ወረደ፤ ቁመቱን ደግሞ ለአንድ መስመር ብቻ ስንወስነው ቃሉ ከክፈፉ በታች ተሰወረ። ግማሽ ፊደል እንኳ ስላልቀረ የተቈረጠ ነገር መኖሩን የሚያስጠረጥር ምልክት የለም። ባልንጀራችንም አይቶ «ይህችው ናት» አለ።

የቋንቋ ተማሪዎችን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ አሉታውን የሚያመለክተው ቃል ከዋናው ግሥ በፊት ስለሚመጣ፣ የዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ቢቈረጥ እንኳ እንቢታው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። በአማርኛ ግን ግሡ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ አዎንታውና አሉታው፣ የተፈቀደውና የተከለከለው፣ ማን እንዳደረገውም ጭምር ያለው በዚያ በመጨረሻው ቃል ነው። «ገንዘቡ ከሒሳብዎ» ብሎ የሚቆም መስኮት ወጥቷል ይበል አልወጣም ይበል ማን ያውቃል? ለእንግሊዝኛ ተለክቶ የተሠራን መስኮት ቃሉን ብቻ ተርጕሞ ለአማርኛ መስጠት ስለዚህ አደገኛ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ ፊደላችን በየኮምፒዩተሩ ሊጻፍ የሚችል ሆኗል፤ ፊደሉ የሚቀመጥበት ክፈፍ ግን አሁንም ስንኳ በሌላ ቋንቋ ልክ ሲሰፋ እናያለን።

መድኀኒቱ ከባድ አይደለም። የጽሑፍን ርዝመት የሚለካ ፋንክሽን አለ፤ መስኮቱ ከመከፈቱ በፊት በእርሱ መለካት ነው። ዊንዶውስም ተጠቃሚው የመስኮትን መጠን ሲለውጥ ፕሮግራሙን «ትንሹ ልክህ ስንት ነው» ብሎ ይጠይቃል፤ ብዙ ጸሐፊዎች ግን መልስ ሳይሰጡ ያልፉታል። እኛ ትንሹን ስፋት የረጅሙን ቃል የ«ተቀባይነት»ን ያህል፣ ማለት 94 ነጥብ አደረግነው፤ ቁመቱንም በመስመሮቹ ቍጥር እንዲያድግ አዘዝን። አንዱ መስመር 26 ነጥብ ነው። ባልንጀራችን መስኮቱን ይዞ እስከ መጨረሻው ቢያጠብበው፣ አራቱ ቃላት በአራት መስመር ተደርድረው ቁመቱ 104 ሆነ፤ «አላገኘም»ም ከታች ቁልጭ ብሎ ታየ። እርሱም «ምነው ያን ጊዜ!» ብሎ ሣቀ፤ እኛ ግን ለመሣቅ አልደፈርንም።

ኮዱ ሁለት ገጽ ያህል ነው። መቅዳት የሚፈልግ ቢኖር ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ይውሰድ፤ ስሕተት ቢያገኝበትም ይንገረን።