የመንግሥት አገልግሎት በኢንተርኔት ሲሰጥ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ

በአገራችን የነጋዴ ሥራ እኩሌታው በገበያ፥ እኩሌታው ደግሞ በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ሲከናወን መኖሩን ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ፈቃድ ለማውጣት፥ ፈቃድ ለማሳደስ፥ የግብር ክሊራንስ ለመቀበል፥ ዕቃ ከጉምሩክ ለማስወጣት ደጅ መጥናት እውነተኛ የንግድ ወጪ ሆኖ ሳለ በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ ሲጻፍ አልታየም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ በዘመሮ ከተማ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ እንደ መሆኑ መጠን፥ ፋይል በብብቱ ይዞ በመሐል ሜዳ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የተመላለሰባቸውን ቀናት ቢደምራቸው ብዙ ወራት ይሆናሉ። መዝገብ ቤቱ ፋይሉን ያጣው እንደ ሆነ ደግሞ ቀኑ በእጥፍ ይቈጠራል።

ይህ ሁኔታ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መለወጥ ጀምሯል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በ2010 ዓ.ም.፥ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም. ወጡ። የኋለኛው አዋጅ ለነጋዴ ያለው ትርጉም ባጭሩ ሲነገር፥ አንድ ሰነድ በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለ ተዘጋጀ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ ሊነፈገው አይገባም ማለት ነው። በዚያው ዓመት በጥር ወር የጉምሩክ የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ተመረቀ። አስመጪው አስቀድሞ መድኃኒት ቢያስመጣ ከአንዱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፥ ዘር ወይም ፀረ ተባይ ቢያስመጣ ከሌላው ወረቀት እየለቀመ ወደ ጉምሩክ ይሄድ ነበር፤ አሁን ግን ማመልከቻው በአንድ መስኮት ገብቶ ለየሚመለከታቸው ይደርሳል። የደጋው ባለ ሱቅ «ይህ የአስመጪዎች ጉዳይ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ዕቃው በጅቡቲ ወደብ በቆየ ቁጥር የሚከፈለው ኪራይ ዞሮ ዞሮ በእርሱ መደርደሪያ ላይ ዋጋ ሆኖ ይቀመጣል።

ለባለ ሱቅ ቅርብ የሆነው «ኢ-ትሬድ» በመባል የሚታወቀው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ምዝገባና እድሳት በኢንተርኔት ከመፈጸሙም በላይ፥ ብዙዎቻችን የማንጠቀምበት አንድ ጥቅም አለው። አሥር አኃዝ ያለውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በማስገባት የሌላውን ነጋዴ ፈቃድ ማጣራት ይቻላል። በዱቤ ዕቃ ለመላክ የሚያስብ ጅምላ ሻጭ፥ ወይም ከማያውቀው ሰው በግና ገብስ የሚገዛ ነጋዴ፥ ቀድሞ የሰው ምስክርነት እየጠየቀ ይሠራ የነበረውን አሁን በሁለት ደቂቃ ሊያረጋግጥ ይችላል። ፈቃዱ የጸና መሆኑ ሰውየው ሐቀኛ ከፋይ መሆኑን አያረጋግጥምና የሰውን ምስክርነት ጨርሶ መተው ግን አይገባም። እንዲሁም በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. «መሶብ» የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ተከፍቶ ወደ ክልሎች በመስፋፋት ላይ ይገኛል።

እንግዲህ በተግባር የሚገጥመውን ችግር እንመልከት። የመጀመሪያው የስም ጉዳይ ነው። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ስማችንን በሁለት ወረቀት ላይ በልዩ ልዩ አጻጻፍ ቢያገኘው «ያው አንድ ሰው ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ማሽን ግን ይሉኝታ አያውቅም። የአሠሪዬ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ በግብር መለያው ላይ «ዋይ» በሚባለው ፊደል፥ በመታወቂያቸው ላይ ግን «አይ» በሚባለው ተጽፎ ስለ ተገኘ፥ እድሳታቸው ለአሥራ አንድ ቀናት ቆሞ ሁለት ጊዜ መንገድ አስወጥቶናል። የትውልድ ዘመንም እንደዚሁ በእኛ አቈጣጠርና በፈረንጆች አቈጣጠር መካከል ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያሸጋግራል። አሁን አሥራ ሁለት አኃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር የብዙ አገልግሎቶች መሠረት እየሆነ ስለ ሄደ፥ ማንም ነጋዴ የፋይዳውን፥ የግብር መለያውንና የንግድ ምዝገባውን ስም ጎን ለጎን አድርጎ ፊደል በፊደል ቢያነጻጽር፥ ልዩነት ቢያገኝም ጥድፊያ በሌለበት ወራት ቢያስታርም ይበጀዋል።

ሁለተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። በአገራችን ልማድ የነጋዴ ማኅተም ከገንዘቡ ጋር በሣጥን ይቈለፋል፤ ሚስት ወይም የበኵር ልጅ ካልሆነ በቀር ቁልፉን የሚያውቅ የለም። የይለፍ ቃልን ግን ነጋዴዎቻችን እንደ ማኅተም አይቈጥሩትም። ማንበብና መጻፍ ያልለመደ ባለ ሱቅ ኢንተርኔት ቤት ለሚሠራ ወጣት አምሳ ወይም መቶ ብር ከፍሎ ያስመዘግባል፤ ወጣቱም ለማፋጠን ሲል የራሱን ስልክ ቁጥር ያስገባል። ከዚያ ወዲያ የማረጋገጫው ቁጥር በመጣ ጊዜ ሁሉ የሚመጣው ወደ ወጣቱ ስልክ ነው። ወጣቱ ቅን ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹም ቅኖች ናቸው። ነገር ግን ከተማ ቢለውጥ ወይም ስልኩ ቢጠፋ ነጋዴው ከገዛ ፈቃዱ ውጭ ሆኖ ይቀራል። በዚያ መስኮት የሚፈጸም ማናቸውም ነገር ደግሞ ነጋዴው እንደ ፈጸመው ይቈጠራል። ሐሰተኛ የሽያጭ መጠን ቢጻፍ የሚጠየቀው የስሙ ባለቤት እንጂ ቁልፉን የነካው እጅ አይደለም። እኔም የሰው ጸሐፊ ነኝና ይህን ስጽፍ ስለ ራሴ መጻፌ መሆኑን አልዘነጋም። ሥራ በሌላ ሰው እጅ የሚሠራ ከሆነ በውልና ማስረጃ የጸደቀ፥ ወሰኑ የታወቀ ውክልና መስጠት እንጂ የይለፍ ቃልን መስጠት መንገዱ አይደለም።

የሩዋንዳ መንግሥት ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በ«ኢሬምቦ» አማካይነት አገልግሎት ሲሰጥ፥ በየመንደሩ ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች ሕዝቡን እንዲረዱ አድርጓል። በኤስቶንያም ከእ.ኤ.አ. 2001 ጀምሮ «ኤክስ-ሮድ» የተባለው ሥርዓት መሥሪያ ቤቶችን ስላገናኛቸው፥ አንዱ የያዘውን መረጃ ሌላው ከዜጋው ዳግመኛ አይጠይቅም። እኛ ዘንድ ከግብር መሥሪያ ቤት ያተምነውን ክሊራንስ ለንግድ ጽሕፈት ቤት ፎቶ አንሥተን እስከ ላክን ድረስ፥ ፖስተኛነታችን ገና አልቀረም፤ የቀረልን እግራችን ብቻ ነው።

ሦስተኛው የመስመር መቋረጥ ነው። «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል «ፋይሉ ጠፍቷል» የሚለውን የተካ ይመስላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ «ወረዳኔት» ወረዳዎችን በሳተላይት ለማገናኘት ሲዘረጋ ትልቅ ተስፋ ነበር፤ ነገር ግን መስመሩ የመሥሪያ ቤቶች መገናኛ እንጂ የሕዝብ አልነበረም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፥ እኔ ራሴ ለአንድ ማመልከቻ ስል አዲስ አበባ ድረስ ወርጃለሁ። በዚያው የክረምት ወቅት የኬንያ «ኢ-ሲቲዝን» በኮምፒዩተር ጥቃት ተሰናክሎ ነበር፤ የዚያ አገር መንግሥት ለተጓዦች ቪዛ በአውሮፕላን ጣቢያ በእጅ በመስጠት ችግሩን አቃለለ። የእኛም ክልል፥ መስመር በጠፋበት ቀን የቀረበ ማመልከቻ በወረቀት ተመዝግቦ ቀኑ እንደ ደረሰ እንዲቈጠር ቢያደርግ፥ ነጋዴው ባላጠፋው ጥፋት ቅጣት ከመክፈል ይድናል። የንግድ ምክር ቤቶች ይህን ጥያቄ በጽሑፍ ሊያቀርቡ ይገባል እላለሁ።

የፈቃድ እድሳት ያለ ቅጣት የሚፈጸመው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን ነው። ብዙው ነጋዴ ታኅሣሥን ጠብቆ ስለሚመጣ መስመሩ የሚጨናነቀውም በዚያን ጊዜ ነው። እኛ ግብራችንን ከጨረስን በኋላ በጥቅምት እንጀምራለን። አሠሪዬ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፈው፥ አሽገው ከማኅተሙ ጋር በሣጥን ቈልፈውታል፤ የማረጋገጫው ቁጥር የሚመጣበት ስልክም የእርሳቸው ነው። ስለዚህ እኔ ማመልከቻውን ስሞላ አጠገቤ ተቀምጠው መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ያነቡልኛል፤ በዚህ መካከልም የምጽፈውን ሁሉ ይጠይቁኛል። ሥራው ከቀድሞው በጥቂት ደቂቃ ዘገየ እንጂ ሌላ ጉዳት አላገኘንበትም።